ሁለት ሰዓት በዳይኖ ላይ፣ በ79 ኪሎፓስካል አየር

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በገላን በኩል ከሚገኙት መጋዘኖች ጀርባ፣ ወለሉ ውስጥ የተቀበሩ የብረት ሮለሮች ያሉት አንድ ጋራዥ አለ። ዳይኖ ይባላሉ፤ መኪናው ባለበት ቆሞ ጎማው እየዞረባቸው የሞተሩን ጉልበት ይለካሉ። ባለፈው ኅዳር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እነዚያን ሮለሮች ተከራይቼ የመኪናዬን ሞተር በገዛ እጄ አስተካከልሁ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሁለት ሰዓት አጭር ነው። የነበረኝ ገንዘብ የሚበቃው ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ስለነበረ፣ ሦስት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁት ለዚያች ጊዜ ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ በአእምሮዬ ውስጥ የቀረው የተገኘው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን፣ በዚህ ከፍታ ላይ ቆሞ ሊለካ የሚችለውና የማይችለው ነገር ድንበር ስለሆነ፣ የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያ ነው።

መኪናዬ የ1993 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ባለ 16 ቫልቭና 1,587 ሲሲ ሲሆን፣ የፒስቶኖቹ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ ጉዟቸው ደግሞ 77 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው እንደየሞዴሉና እንደየገበያው ከ100 እስከ 115 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት ሰጥቶታል። የሞተሩ ኮምፒውተር ከዓመት በፊት በእርጅና ሞተብኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችኝን መኪና በሕይወት ማቆየት የምር ጉዳይ ሆኖብኛልና፣ ያገለገለ ሌላ ኮምፒውተር ከማፈላለግ ይልቅ ሜጋስኩዊርት የተባለውን፣ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለውን መሣሪያ ገጠምሁላት። ሜጋስኩዊርትን እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ ለሕዝብ ያደረሱት ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዓላማቸውም ማንም ትዕግሥትና ብየዳ ብረት ያለው ሰው የሞተሩን ነዳጅ እንዲያዝ ማስቻል ነበር፤ እሳቱን ማዘዝ በኋላ የተጨመረ ነው።

መሣሪያው የሚሠራበት ሐሳብ ቀላል ነው። በማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት፣ የሚገባውን አየር ሙቀትና ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ይለካል፤ ከእነዚህ ተነስቶ አንድ ሲሊንደር ምን ያህል አየር እንደሳበ ያሰላል፤ ከዚያም ለዚያ አየር የሚመጥነውን ነዳጅ ይረጫል። ስሌቱ ትምህርት ቤት የተማርነው የጋዝ ሕግ ነው፤ ግፊት ሲጨምር አየሩ ይበዛል፣ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል። ነገር ግን ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው አየር ሲሊንደሩ ሊይዝ ከሚችለው ጋር ስለማይተካከል፣ ልዩነቱን የሚያርም ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በሠንጠረዡ ዓምዶች ላይ ዙር፣ በረድፎቹ ላይ ግፊት ይቀመጣል። የእሳቱን ጊዜ፣ ማለትም ካንዴላው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚለኩስ የሚወስን ሌላ ተመሳሳይ ሠንጠረዥም አለ። ማስተካከል የሚባለው ሥራ የእነዚህን ሁለት ሠንጠረዦች ክፍሎች አንድ በአንድ በእውነተኛ ልኬት መሙላት ነው።

የአገራችን ከፍታ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገላን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ጠዋት የከባቢው የአየር ግፊት 79 ኪሎፓስካል ነበር፤ በባሕር ዳርቻ ግን 101 ይሆናል። ሞተሬ ተርቦ፣ ማለትም አየሩን አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጥም የማኒፎልዱ ግፊት ከከባቢው ግፊት ሊበልጥ አይችልም። የእኔ ሠንጠረዥ ከ30 እስከ 100 ኪሎፓስካል የሚዘልቁ ረድፎች አሉት። ከ80 በላይ ያሉትን ረድፎች ገላን ላይ ቆሜ ምንም ባደርግ ልደርስባቸው አልችልም፤ መሐል አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ነገር ግን ያው መኪና በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ በወረደ ቁጥር፣ እነዚያ ከላይ ያሉት ረድፎች ቀስ በቀስ ይከፈታሉ። የምከራየው ዳይኖ የማያሳየኝን የሠንጠረዥ ክፍል፣ መንገዱ አንድ ቀን እንደሚጠይቀኝ እያወቅሁ ነው ወደ ሮለሩ የወጣሁት።

የዳይኖው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከመኪናው እንደወረድሁ ላፕቶፔን ሳያዩ ጎማዎቹን አዩ፣ የአየር ልካቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ መኪናዋን በአራት ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ጠፈሯት። ከኮፈኑ ፊት ትልቅ ማራገቢያ አቆሙ፤ ከማርሚታው ጫፍ ላይ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ሰኩ። እኔ በበኩሌ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የእሳቱን ጊዜ በሚያሳየው የታይሚንግ መብራት፣ ኮምፒውተሩ 10 ዲግሪ ነው የሚለው እሳት በፑሊው ላይም 10 ዲግሪ መሆኑን አረጋገጥሁ። ይህን አረጋግጦ ያልጀመረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው እያንዳንዱ የእሳት ቁጥር ሐሰት ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ ርግጫ በአራተኛ ማርሽ ከ2,000 እስከ 6,000 ዙር ነበር። እስከ 4,800 ድረስ ሁሉም መልካም ሆኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከጭስ ማውጫው ላይ የገጠምሁት ላምዳ ሴንሰር የሚያሳየው ቁጥር ከ0.88 ተነስቶ ወደ 0.98 ወጣ። ላምዳ 1 ማለት አየሩና ነዳጁ ሳይተራረፉ የሚቃጠሉበት ልክ ነው፤ ለቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ነዳጅ ይሆናል። ሙሉ ጭነት ላይ ግን ሞተሩ ከዚያ የበዛ ነዳጅ፣ 0.86 ወይም 0.88 ያህል ያስፈልገዋል፤ ለጉልበትም ለማቀዝቀዣም። ከ5,000 ዙር በላይ በ0.98 መንዳት ፒስቶንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እኔ ወዲያው በላፕቶፑ ላይ ለእነዚያ ክፍሎች 8 ከመቶ ነዳጅ ጨምሬ ድጋሚ ረገጥሁ። ቁጥሩ 0.97 ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ልጨምር ስል ጋሼ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ላፕቶፑን ከደኑት።

«ልጄ፣ ቁጥር ጨምረህ ምንም ካልተለወጠ፣ ችግሩ ቁጥሩ ውስጥ የለም» አሉኝ።

የነዳጅ ግፊት መለኪያ ገጠሙ። ያለ ጭነት 2.9 ባር የነበረው ግፊት፣ ከ5,000 ዙር በላይ ሙሉ ሲረገጥ ወደ 2.2 ወረደ። የነዳጅ መርጫዎቹ ገና አቅማቸው አልተሟጠጠም ነበር፤ የታፈነው ማጣሪያው ነው። ሦስት ወር ሠንጠረዥ ሳነብና ሽቦ ስበይድ የከረምሁ ሰው፣ በጥቂት ብር የሚገዛውን የነዳጅ ማጣሪያ አልለወጥሁም ነበር። ጋሼ አንድ ልጅ በሞተር ሳይክል ወደ አቃቂ ላኩ፤ እኔም ከሁለት ሰዓቴ ውስጥ ሃያ አምስቱ ደቂቃ ማለፉን ሰዓቴ ላይ አየሁ።

መጠበቁ ግን በከንቱ አልሄደም። የታፈነ ማጣሪያ የሚያስቸግረው ብዙ ነዳጅ ሲፈለግ ነው፤ በቀላል ጭነት ላይ ግፊቱ አይወርድም። ስለዚህ ልጁ እስኪመለስ ድረስ ከ40 እስከ 60 ኪሎፓስካል፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ያሉትን ክፍሎች ያዝን። ይህ የዳይኖ ብሬክ ጥቅም ነው። አንዳንድ ዳይኖዎች ከባድ ከበሮ ብቻ ናቸው፤ ከበሮው ምን ያህል ፈጥኖ እንደዞረ አይተው ጉልበቱን ያሰላሉ እንጂ ሞተሩን አንድ ቦታ ላይ ሊይዙት አይችሉም። የጋሼ ሮለር ግን በኤሌክትሪክ መግነጢስ የሚያዝ ብሬክ አለው፤ መግነጢሱ በሚሽከረከረው ብረት ውስጥ በሚፈጥረው ጅረት ምክንያት ብረቱ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1855 ፈረንሳዊው ሌዎን ፉኮ የተመለከተው ክስተት ነው። ጋሼ ብሬኩን 2,000 ዙር ብለው ካስቀመጡት፣ የቱንም ያህል ብረግጥ ሞተሩ ከ2,000 ፈቀቅ አይልም። በዚያ ሁኔታ ግፊቱን በእግሬ 40 ላይ አቁሜ ላምዳውን አነባለሁ፣ ቁጥሩን አርማለሁ፣ ወደ ቀጣዩ ክፍል አልፋለሁ። ከተማ ውስጥ፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምውለው በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው። ነዳጄ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ስለ ዳይኖ ሲወራ ግን ማንም አያነሳቸውም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ቁጥር ነው።

ስለ ነዳጁ አንድ ነገር ላንሳ። የአየርና የነዳጁን ንጽጽር 14.7 ወይም 12.8 እያሉ ከማንበብ ይልቅ በላምዳ ማንበብን የመረጥሁት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ኤታኖል መጀመሪያ 5 ከመቶ፣ በኋላም 10 ከመቶ ተቀላቅሎ የተሸጠበት ዘመን ነበር። ኤታኖል 10 ከመቶ ሲቀላቀል 14.7 የነበረው ትክክለኛ ልክ ወደ 14.1 ይወርዳል። ላምዳ ግን ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ትክክለኛው ልክ ሁልጊዜ 1 ነው። ከማደያው የተቀዳው ነዳጅ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ማጣሪያው ተለወጠ፤ ሃምሳ ደቂቃ ቀረኝ። የጨመርሁትን 8 ከመቶ አንስቼ እንደገና ስረግጥ ላምዳው እስከ 6,000 ዙር ድረስ ከ0.89 አላለፈም። የታፈነው ማጣሪያ እያለ በጎማዎቹ ላይ 56 የፈረስ ጉልበት ነበረ፤ ከተለወጠ በኋላ 61 ሆነ። እስከዚህ ድረስ አንዲትም የሠንጠረዥ ቁጥር አልረዳችኝም።

የቀረውን ጊዜ እንዴት እንደምከፋፍል በዚያ ቅጽበት መወሰን ነበረብኝ። ከ5,000 እስከ 6,500 ያለውን ጫፍ በጥንቃቄ ብሠራ፣ በወረቀቱ ላይ የሚታተመው ቁጥር ያድጋል። እኔ ግን በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ 6,000 ዙር እደርሳለሁ? ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ሰው ጭኜ ሱሉልታን ስሻገር የምፈልገው ጉልበት ከ2,500 እስከ 4,500 ባለው ውስጥ ነው። ጫፉን ለጥንቃቄ ነዳጅ አብዝቼ ተውሁት፤ ጊዜዬን ሁሉ ለመካከለኛው ዙር እሳት ሰጠሁ።

እሳትን የመፈለግ ሥራ ከሁሉም የበለጠ የማረከኝ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ይጓዛል፤ ጉዞውም ጊዜ ይወስዳል። ከፍተኛው ግፊት ፒስቶኑ ጫፉን ካለፈ በኋላ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢያርፍ ገፊው ኃይል ከሁሉም የበለጠ ይሆናል። እሳቱ ዘግይቶ ከተለኮሰ ግፊቱ የሚሸሽ ፒስቶን ያሳድዳል፤ ቀድሞ ከተለኮሰ ደግሞ ገና እየወጣ ያለውን ፒስቶን ይገፋዋል። ጋሼ ብሬኩን 3,000 ዙር ላይ አሰሩት፤ እኔ ሙሉ ረገጥሁ፤ ማኒፎልዱ 77 ኪሎፓስካል አሳየ። በ20 ዲግሪ ጀመርን፤ በጎማው ላይ ያለው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል፣ 76 ኒውተን ሜትር ነበር። በ22 ሆነ 79፣ በ24 ሆነ 82፣ በ26 ሆነ 84፣ በ28 ሆነ 85። በ30 ላይም ያው 85 ሆኖ ቆመ፤ በ32 ግን ወደ 84 ወረደ። ቁጥሮቹ መጀመሪያ በሦስት በሦስት፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በአንድ እየጨመሩ ቀስ ብለው ወደ ለጥ ያለ ሜዳ ሲደርሱ ማየት፣ በመጽሐፍ ያነበብሁትን ነገር ሞተሩ በራሱ አንደበት ሲነግረኝ እንደመስማት ነበር። ሜዳው ላይ ከደረሱ በኋላ መግፋት ምንም አይጨምርም፤ አደጋውን ብቻ ያበዛል። 26ን ያዝሁ። የተውሁት ጉልበት አንድ ኒውተን ሜትር ነው፤ በምትኩ ያገኘሁት የደኅንነት ርቀት ሁለት ዲግሪ ነው፤ ይህን ልውውጥ ዛሬም እቀበለዋለሁ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሼ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ነበር። ከሞተሩ ብሎክ ጋር በቡሎን ያሰሩት አነስተኛ ማይክሮፎን ማንኳኳትን ያሰማቸዋል። ማንኳኳት ማለት እሳቱ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ጥግ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው። የእኔን ያህል ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ 7 ኪሎኸርዝ ገደማ ላይ ያስተጋባል፤ የሰው ጆሮ ይሰማዋል፣ የሞተሩ ጩኸት ግን ይሸፍነዋል። እስከ 32 ዲግሪ ድረስ አንድም ጊዜ አልሰሙም። ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ማዳመጫውን አውርደው «የት ልትሄድባት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንዳንዴ ወደ አዋሽ እንደምወርድ ስነግራቸው «እንግዲያው ይህን ዝምታ አትመነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እዚህ ሞተሩ የማያንኳኳው አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ስስ አየር ሲታመቅ የሚፈጥረው ግፊት አነስተኛ ነው፤ እሳቱም በዝግታ ይጓዛል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መለኮስን ይወዳል፣ ይታገሣልም። ያንኑ ዲግሪ 95 ኪሎፓስካል ባለበት ቆላ፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት ላይ ብሰጠው ውጤቱ ሌላ ነው። ለነዳጁ ሠንጠረዥ ብዙም አልተጨነቅሁም፤ ስሌቱ ግፊትን ራሱ ስለሚያባዛ፣ በ75 ረድፍ የተገኘውን የማረሚያ ቁጥር ወደ 85 እና 95 ረድፍ ማሻገር በተፈጥሮ ሕግ ላይ የቆመ ግምት ነው፤ ቢሳሳት የሚሳሳተው በጥቂት ነው። እሳት ግን እንዲህ ተባዝቶ አይሻገርም። ማንኳኳት የሚጀምርበት ቦታ የሚታወቀው ቦታው ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ80 በላይ ያሉትን ረድፎች እዚያው ሮለሩ ላይ እንደቆምሁ በፍርሃት ሞላኋቸው፤ ከ75ቱ ረድፍ አንጻር በ85 ላይ ሁለት ዲግሪ፣ በ90 ላይ አራት፣ በ95 ላይ ስድስት፣ በ100 ላይ ሰባት ዲግሪ ቀነስሁ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለሁለት ሙሉ ርግጫዎች ነበሩ። በመካከላቸው አራት ደቂቃ ያህል ማራገቢያው ብቻ እንዲሠራ ተውነው፤ ምክንያቱም የሚገባው አየር ከ24 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ጉልበቱ በራሱ ይወርዳል፣ ያንንም የሠንጠረዥ ጥፋት አድርጎ ማየት ይመጣል። ውጤቱ 67 የፈረስ ጉልበት ሆነ፤ ከ61 ተነስቶ። በ3,000 ዙር ያለው ለውጥ ከዚህም የበለጠ ይሰማል።

ማተሚያው ግን ያወጣው 88 የሚል ቁጥር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከማስተካከያ ብዜት ነው፤ ሶፍትዌሩ የዕለቱን ግፊትና ሙቀት ወስዶ፣ ሞተሩ በ99 ኪሎፓስካል ደረቅ አየርና በ25 ዲግሪ ሙቀት ቢለካ ኖሮ ይህን ይሰጥ ነበር ብሎ በ1.32 ያባዛዋል። ይህ ብዜት የተበጀው አንዱን ቀን ከሌላው ቀን፣ አንዱን ቤተ ሙከራ ከሌላው ለማመሳከር ነው፤ ለዚያ ጠቃሚ ነው። እኔን ወደ እንጦጦ የሚያወጣኝ ግን 67ቱ ነው። ተርቦ ያለው መኪና ያላቸው ሰዎች ደግሞ በዚህ ብዜት ይበልጥ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ተርቦው ከከፍታው የተነሳ የጠፋውን ግፊት በከፊል ወይም በሙሉ መልሶለት ሳለ፣ ሶፍትዌሩ ምንም እንዳልተመለሰ ቆጥሮ ድጋሚ ይጨምርለታል። ጋሼን ያልተባዛውን እንዲያትሙልኝ ለመንኋቸው፤ ሁለቱንም አተሙልኝ። ያስቀመጥሁት አንዱን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሜን ላፕቶፑን አሲዤ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወረድሁ። የጋሼን የመሰለ ማይክሮፎን ሠርቼ ብሎኩ ላይ አስሬ፣ ማዳመጫውን ለእሱ ሰጠሁት። አዳማ ላይ ሙሉ ሲረገጥ ማኒፎልዱ 82 ኪሎፓስካል አሳየ። ወንድሜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ በገላን በግምት የሞላሁት ረድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ መዋሉ ነበርና እጄ መሪው ላይ ጠበቀ። ላምዳው 0.87 ሆነ። ከመተሐራ አጠገብ፣ የበሰቃ ሐይቅን ዳር ይዞ በሚያልፈው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ የማኒፎልዱ ግፊት 89 ሆነ፤ ሞተሩም ገላን ላይ ያልነበረውን ጉልበት በግልጽ ሰጠን። በአራተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 4,500 ዙር ሦስት ጊዜ ረገጥሁ። «ምንም የለም» አለኝ በሦስቱም ጊዜ። ላምዳው 0.86 እና 0.87 መካከል ነበር፤ በነዳጁ ሠንጠረዥ ላይ በ90 ረድፍ አንድ ከመቶ ቀነስሁ፤ እሳቱን ግን አልነካሁም።

መተሐራ ላይ ቡና ጠጥተን፣ ፋይሉን በዕለቱ ቀን ስም አስቀምጠን ወደ ላይ ተመለስን። በሠንጠረዡ ውስጥ የተለኩትን ክፍሎች በአረንጓዴ ቀለም እሞላቸዋለሁ። ከ30 እስከ 80 ያለው አረንጓዴ ነው፤ 85 እና 90 በመካከለኛው ዙር ብቻ አረንጓዴ ናቸው። የ95 እና የ100 ረድፎች፣ ከዚያም ዝቅ ወዳለ ቆላ ካልተወረደ የማይገኙት፣ ከስድስትና ከሰባት ዲግሪ ቅናሻቸው ጋር እስከ ዛሬ ነጭ ናቸው።